ፈቃድ የሚጠይቁ የሜይንፍሬም ኤዲተር ተግባራትን ስለ ማንቃት፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። በርቀት ለአንድ የውጭ ድርጅት በሜይንፍሬም (በትልልቅ ድርጅቶች ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ የሚሠሩ የኮቦል ቋንቋ ፕሮግራሞችን መጠገን ከጀመርኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያ ላይ ዜድ ኦፕን ኤዲተር የተባለውን የአይቢኤም ተጨማሪ (ኤክስቴንሽን) ጭኜ እሠራለሁ። ባልደረባዬ ስክሪኑን ሲያጋራኝ የማያቸው የላቁ ተግባራት እኔ ዘንድ ሲከፈቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ መልእክት ብቻ ይመጣል። ኮፒቡኮቹም (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው የኮድ ክፍሎች) በሙሉ ቀይ ተሰምሮባቸዋል። ቴሌግራም ላይ የማንቂያ ቁልፍ እንሸጣለን የሚሉ አሉ። ቁልፉን ከየት አግኝቼ የት ላስገባው?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከማንም ቁልፍ አይግዙ። ይህን የምለው ነገሩ ሕገ ወጥ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚሸጥልዎት ቁልፍ እውነተኛ እንኳ ቢሆን፣ እርስዎ ባሉበት ሁኔታ የሚገባበት ቀዳዳ ስለሌለው ነው። የእነዚህ የላቁ ተግባራት ፈቃድ የሚገዛው በድርጅት ስም ነው፤ የሚጠበቀውም አብዛኛውን ጊዜ በድርጅቱ ማሽኖች ላይ እንጂ ኮምቦልቻ ጠረጴዛዎ ላይ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ የሚቀርዎት ሥራ ቁልፍ ፍለጋ ሳይሆን፣ አሠሪዎ ከፍሎበት ከሆነ ያ ፈቃድ እርስዎንም እንዲያውቅዎት ማድረግ ነው። ደግሞም በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ተጠቅልለው ቀርበዋል። የኮፒቡኮቹ መቅላት ከፈቃድ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ ፈቃዱ ዛሬ ቢነቃልዎት ነገም እንደቀሉ ይጠብቁዎታል። ለየብቻ እመልሳቸዋለሁ።

አስቀድሜ ፈቃዱ ለምን እንዲህ ከእጅ ርቆ እንደተቀመጠ ልግለጽ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሞክር ቢውል የሚደክመው በተሳሳተ ቦታ ነውና። አይቢኤም ሲስተም/360 የተባለውን የማሽን ቤተሰብ በ1964 ሲያስተዋውቅ፣ ሶፍትዌሩ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ እንጂ ለብቻው ዋጋ የሚወጣለት ዕቃ አልነበረም። ለሶፍትዌር የተለየ ዋጋ እንደሚቆርጥ ያስታወቀው በ1969 ነው፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከጊዜ በኋላም የብዙው የሜይንፍሬም ሶፍትዌር ክፍያ የሚሰላው ስንት ሰው ተጠቀመበት ተብሎ ሳይሆን፣ የሚሠራበት ማሽን ምን ያህል አቅም አለው ተብሎ ነው፤ የአቅሙ መስፈሪያም ኤምኤስዩ ይባላል። እንዲህ ባለው ሥርዓት «ይህ ምርት እዚህ እንዲሠራ ተከፍሎበታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ማሽኑ ራሱ ነው። በፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ኤዲተሮች መልካቸው ዘመናዊ ቢሆንም፣ ይህን የቆየ ልማድ ጨርሰው አልተዉትም።

ፈቃዱ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንደኛው የተጠቃሚው ኮምፒውተር ነው። ኤክሊፕስ በተባለ ሌላ የኮድ መጻፊያ ላይ የተሠራው የአይቢኤም ዴቨሎፐር ፎር ዜድ/ኦኤስ ኢንስታሌሽን ማኔጀር በሚባለው መጫኛ አማካይነት ሲጫን፣ መጫኛው የራሱ የፈቃድ ማስተዳደሪያ ክፍል አለው፤ ድርጅቱ በግዥ ያገኘው የማንቂያ ፋይል በዚያ በኩል ይገባል። የቴሌግራም ነጋዴዎቹ በደፈናው «ቁልፍ» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ይመስለኛል፤ እርስዎ የያዙት ግን ኤክሊፕስ ሳይሆን ቪኤስ ኮድ ነው።

ሁለተኛው የፈቃድ ሰርቨር ነው። አሠራሩ ከእድር ድስት የተለየ አይደለም። እድሩ አምስት ትልልቅ ድስት ካለው በአንድ ቀን አምስት ቤት ይወስዳል፤ ስድስተኛው ቤት አባል ቢሆንም አንዱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ አባል ያልሆነ ደግሞ ድስቱ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቢውልም አይሰጠውም። የፈቃድ ሰርቨርም እንዲሁ የተገዛውን ያህል ፈቃድ ይዞ፣ ኤዲተሩ ሲከፈት አንዱን ያውሳል፤ ሲዘጋ መልሶ ይረከባል። እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሁኔታ የሚጠቅም ማሳሰቢያ አለ። መብራት ሳይታሰብ ሲጠፋ ላፕቶፕዎ በባትሪው ቢቆይም ዋይፋዩ ይሞታል፤ ሰርቨሩ ግን የግንኙነቱን መቋረጥ እስኪገነዘብ ድረስ ድስቱ በእርስዎ ቤት እንዳለ ይቆጥረዋል። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ ወዲያው ሲሞክሩ «ነጻ ፈቃድ የለም» ቢባሉ፣ የያዘው ሰው እርስዎ ራስዎ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥቂት ታግሠው ይሞክሩ እንጂ ኤዲተሩን ነቅለው አይጫኑት።

ሦስተኛው ቦታ ዋናው ማሽን፣ ማለትም ዜድ/ኦኤስ የተባለው ስርዓተ ክወና የሚሠራበት ሜይንፍሬም ነው። ኤዲተሩ በእርስዎ መለያ ወደ ማሽኑ ሲገባ፣ እዚያ የተጫነው የአገልጋይ ክፍል ምርቱ በዚያ ሲስተም የተፈቀደ መሆኑን ያረጋግጥና መልሱን ይልካል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ቁልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ባልደረባዎ «እኔ ምንም አላስገባሁም፤ እንዲሁ ነው የሠራልኝ» ብሎዎት ከሆነ ውሸት አይደለም፤ ይህኛው መንገድ ነው ማለት ነው።

በዜድ/ኦኤስ በኩል ነገሩ ምን እንደሚመስል ቀረብ አድርጌ ላሳይዎት። ፓራምሊብ የሚባል፣ የሲስተሙ ቅንብር የሚቀመጥበት ቤተ መጻሕፍት አለ። በውስጡ ስማቸው አይኤፍኤፒአርዲ ብሎ ጀምሮ በሁለት ተጨማሪ ፊደላት ወይም አኃዞች የሚያልቅ አባላት (በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉ ፋይሎች) ይገኛሉ። በእነዚህ አባላት ውስጥ ለአንድ ምርት የሚጻፈው መግለጫ የባለቤቱን ስም፣ የምርቱን ስም፣ የምርት ቁጥሩን፣ ዕትሙን፣ የተግባሩን ስም ዘርዝሮ በመጨረሻ ሁኔታውን ያስቀምጣል፤ ኢኔብልድ ከተባለ ምርቱ ይሠራል፣ ዲስኤብልድ ከተባለ ይከለከላል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ኤስዲኤስኤፍ ነው፤ የጆብን (ለማሽኑ የተላከን ሥራ) ውጤት የሚያዩበት መሣሪያ ስለሆነ ያውቁታል። ኤስዲኤስኤፍ ከዜድ/ኦኤስ ጋር አብሮ ተጭኖ ቢመጣም ለብቻው የሚከፈልበት ነው፤ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ በዚህ አባል ውስጥ ካልተፈቀደለት አይነሣም። በሌላ አነጋገር፣ «ተጭኗል» እና «ተፈቅዷል» በሜይንፍሬም ዓለም ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ የእርስዎም ችግር የሚያርፈው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

የሲስተም ፕሮግራመሩ፣ ማለትም ሜይንፍሬሙን የሚያስተዳድረው ባለሙያ፣ የትኛው አባል እንደሚነበብ ማሽኑ ሲነሣ ይወስናል፤ ማሽኑን ሳያጠፋም «ሴት ፕሮድ» (SET PROD) በሚባለው የኦፕሬተር ትእዛዝ ይቀይረዋል፤ ዲስፕሌይ ፕሮድ ብሎ ደግሞ አሁን ያለውን ሁኔታ ያያል። ያልተፈቀደለት ምርት ለመመዝገብ ሞክሮ ሲከለከል አይኤፍኤ104አይ የሚል መለያ ያለው መልእክት ይወጣል። ሁሉም ምርት በዚህ በር አያልፍም፤ የየራሳቸው የማረጋገጫ ፋይል ያላቸውም አሉ። ይሁንና የሲስተም ፕሮግራመሩን ስታነጋግሩ ይህን መልእክት በሎጉ (በማሽኑ የመልእክት መዝገብ) ውስጥ እንዲፈልግ ብትጠይቁት፣ የምትሉትን የምታውቁ መሆናችሁን ስለሚረዳ ጉዳዩ ይፈጥናል። ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እርስዎ እንዲነኩት አይደለም። ፓራምሊብ የሦስት ወር ሠራተኛ ቀርቶ የአሥር ዓመት የኮቦል ጸሐፊም እጁን የሚያስገባበት ቦታ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ለቡድን መሪዎ መጻፍ ነው። «ፈቃድ የለኝም» ብለው ብቻ ከጻፉ የሚመጣልዎት መልስ «ቲኬት ክፈቱ» የሚል ይሆንና ሳምንት ያልፋል። ይልቁንም የኤዲተሩን የዕትም ቁጥር፣ የመልእክቱን ሙሉ ቃል ሳይተረጉሙና ሳያሳጥሩ፣ የሚገቡበትን የኤልፓር (የሜይንፍሬሙ ክፍልፋይ) ስም፣ የሚጠቀሙበትን የፕሮፋይል (የመግቢያ ቅንብር) ዓይነት አንድ ላይ አድርገው ይላኩ፤ ቀጥሎም «የላቁ ተግባራት ፈቃዳችን የሚረጋገጠው በፈቃድ ሰርቨር ነው ወይስ በዋናው ማሽን? የእኔ መለያ ተካቷል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚህ ጥያቄ አንዱን ክፍል ብቻ መርጠህ አቅርብ ብባል የመጨረሻውን እመርጣለሁ። ድርጅቶች ፈቃድ የሚገዙት በተወሰነ የሰው ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ በርቀት በውል የሚሠራ ሰው በዚያ ቁጥር ውስጥ ላይገባ ይችላል። ያልተካተቱ ከሆነ ምንም ዓይነት ቅንብር ቢያስተካክሉ ከንቱ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል።

«ተካተዋል» ከተባሉ ግን ነገሩ ወደ ላፕቶፕዎ ይመለሳል። ወደ ማሽኑ የሚገቡት ዞዊ በሚባለው ክፍት ፕሮጀክት የፕሮፋይል ፋይል አማካይነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ጉድጓድ አለ። ወደ ሜይንፍሬሙ የሚወስዱ በሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ዜድ/ኦኤስኤምኤፍ የሚባለው በር በተለምዶ በፖርት 443 ይከፈታል፣ አርኤስኢ ኤፒአይ የሚባለው ደግሞ በ6800። በመጀመሪያው በር ገብተው ዳታሴቶችን (የሜይንፍሬሙን ፋይሎች) መዘርዘር፣ ፋይል መክፈት፣ ጆብ መላክ ይችላሉ፤ በዚህም የተነሣ «ተገናኝቻለሁ እኮ» ይላሉ። ይሁንና ድርጅትዎ ፈቃዱን የሚያረጋግጠው ከሁለተኛው በር ጀርባ ባለው አገልጋይ ከሆነ፣ በመጀመሪያው በር መግባትዎ ለዚህ ጉዳይ አይቆጠርም። ከደሴ ወደ እናንተ ለመውረድ የሐረጎን መንገድ ትቶ ሌላ መንገድ ይዞ ሄዶ «ኮምቦልቻን አጣኋት» እንደሚል ሰው ይሆናል።

ይህ በተለይ በዜድ ኤክስፕሎር ተምረው ወደ ሥራ የገቡትን ያደናግራል። ዜድ ኤክስፕሎር አይቢኤም በነጻ የሚሰጠው የመማሪያ መድረክ ነው፤ ተማሪው እውነተኛ ዜድ/ኦኤስ ላይ በቪኤስ ኮድ ይለማመዳል፤ የሚገባውም በዜድ/ኦኤስኤምኤፍ ፕሮፋይል በፖርት 10443 ነው። ያ የመማሪያ ፕሮፋይል ከላፕቶፑ ሳይጠፋ የሥራው ፕሮፋይል ሲደረብበት፣ ኤዲተሩ የትኛውን እንደሚይዝ ባለቤቱም አያውቅም። የዞዊ ቅንብር ፋይል በሁለት ደረጃ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ በተጠቃሚው የግል ማኅደር ውስጥ ለሁሉም ፕሮጀክት የሚያገለግል፣ ሌላው በፕሮጀክቱ ማኅደር ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲጋጩ የፕሮጀክቱ ይበልጣል። በፋይሉ ግርጌ አካባቢ ዲፎልትስ የሚል ክፍል ያገኛሉ፤ ለእያንዳንዱ የፕሮፋይል ዓይነት በነባሪነት የሚያዘው የትኛው እንደሆነ የሚጻፈው እዚያ ነው። የአርኤስኢ መስመር ከዚያ ከጠፋ ወይም ወደ መማሪያው ማሽን የሚያመለክት ከሆነ፣ የሚፈልጉትን አግኝተዋል። ፋይሉን ከባልደረባዎ ተቀብሎ ከራስዎ ጋር ጎን ለጎን ከፍቶ ማስተያየት ከየትኛውም መመሪያ ይፈጥናል፤ የቡድን ቅንብር እንዲባልም የተደረገው ለዚሁ ነው፤ የይለፍ ቃል የሚቀመጠው በኮምፒውተሩ የምስጢር ማስቀመጫ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉን መቀባበል ነውር የለውም፤ ሆኖም ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ቢያነቡት አይጎዳም።

ስለ ይለፍ ቃል ካነሣን አይቀር፣ የሜይንፍሬም ይለፍ ቃል በየጊዜው ይቀየራል። ቃሉን በሌላ መንገድ ቀይረው ኤዲተሩ ግን አሮጌውን እንዳስቀመጠ ከቀረ፣ በከፈቷቸው መስኮቶች ሁሉ አሮጌውን እየደጋገመ ይልካል። ራክኤፍ፣ ማለትም የሲስተሙ ዘበኛ፣ አስተዳዳሪው ከወሰነው ቁጥር ያለፈ የተሳሳተ ሙከራ ሲያይ መለያውን ያግዳል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ቃል ቢጽፉም አይገቡም፤ የሚከፍትልዎት አስተዳዳሪው ብቻ ነው። የፈቃድ መልእክት ሲያዩ ደጋግሞ መግባትን እንደ መፍትሔ አይያዙት የምለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጊዜ እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለተመሳሳይ ጉዳይ ተጠርቼ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። ፕሮፋይሉ ትክክል ነው፣ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ፈቃዱም አለ፤ ኤዲተሩ ግን ከሰርቨሩ ጋር ገና እጅ ሳይጨባበጥ ይቋረጣል። ሻይ ቀርቦልኝ ስጠጣ ዓይኔ በስክሪኑ ግርጌ ጥግ ላይ ካለው ቀን ላይ አረፈ። ዓመቱ የእኛው ነበር፤ ሰውየው ደብዳቤዎቹ ላይ ትክክለኛው ዓመተ ምሕረት እንዲወጣለት ብሎ የኮምፒውተሩን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክሎታል። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሄደ ኮምፒውተር የሰርቨሩን ሰርተፊኬት (ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ሰነድ) ሲያይ «ይህ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው» ብሎ አይቀበለውም። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር የሚያደርጉ አሉ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 9 ማለት ሲገባው 3 ይላል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ለአንዳንድ የፈቃድ ሰርቨሮች በቂ የእምቢታ ምክንያት ነው። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተርም መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። እንግዲህ ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰዓት ቀጠናውን ይመልከቱ፤ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቀጠናው የምሥራቅ አፍሪካ መሆን አለበት። ሰርተፊኬቱ ድርጅቱ ለራሱ የፈረመው ከሆነ ደግሞ ሪጄክት አንኦቶራይዝድ የሚለውን፣ ያልተረጋገጠ ሰርተፊኬትን የሚከለክለውን ቅንብር አጥፍተው ማለፍ ይችሉ ይሆናል፤ ማሽኑን ሳይለዩ በር መክፈት ስለሆነ ግን አልመክረውም፤ ሰርተፊኬቱን ራሱን ከድርጅቱ ይጠይቁ።

ቀጥሎ ጃቫ ነው። የዜድ ኦፕን ኤዲተር አእምሮ፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ የሚረዳው ክፍል፣ በጃቫ የሚሠራ የቋንቋ ሰርቨር ነው፤ አዲሶቹ ዕትሞች 64 ቢት የሆነ ቢያንስ ጃቫ 17ን ይፈልጋሉ። በላፕቶፕዎ ለሌላ ሥራ የተጫነ ጃቫ 8 ብቻ ካለ ሰርቨሩ አይነሣም። አሳሳቹ ነገር፣ ሰርቨሩ ባይነሣም ኮዱ በቀለማት አሸብርቆ መታየቱ ነው፤ ቀለሙን የሚቀባው ሌላ ቀላል ክፍል ነውና። የማረጋገጫው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ የኮቦል ፕሮግራም ከፍተው በጎን ያለውን የፕሮግራሙን መዋቅር ማሳያ ይመልከቱ፤ ዲቪዥኖቹና ፓራግራፎቹ ካልተዘረዘሩ ሰርቨሩ አልተነሣም፤ በዚህ ሁኔታ ስለ ፈቃድ ማውራት ጊዜው አይደለም። ሌላ የኮቦል ኤክስቴንሽን ከጎኑ ተጭኖ ከሆነም አንዱን ያጥፉ፤ ሁለት ኤክስቴንሽኖች በአንድ ፋይል ላይ ሲሻሙ የሚወጣው ስሕተት የማንኛቸው እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ ኮፒቡኮቹ። ኤዲተሩ ኮፒ የሚል መግለጫ ሲያገኝ የተጠቀሰውን አባል የት እንደሚፈልግ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ጆቡን በሚያዝዘው ጽሑፍ፣ በጄሲኤሉ ውስጥ፣ ሲስሊብ በሚለው መስመር ይነገረዋል፤ ኤዲተሩ ደግሞ ዛፕ በሚባለው ፋይል ይነገረዋል። ይህ ፋይል በፕሮጀክቱ ማኅደር ሥር ተቀምጦ፣ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ኮፒቡክ የሚፈለግባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ ቦታው በላፕቶፕዎ ያለ ማኅደር ወይም በሜይንፍሬሙ ያለ ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት አባላት ካሉ ቀድሞ የተገኘው ይያዛል፤ ፈተና ላይ ያለውን አዲሱን ኮፒቡክ እያዩ የመሰለዎት የቆየው ሊሆን ይችላል። በኮምቦልቻ ኔትወርክ የምመክረው፣ የሚያዘወትሯቸውን ኮፒቡኮች አንድ ጊዜ አውርደው የአካባቢውን ማኅደር በዝርዝሩ አናት ማስቀመጥና በየሳምንቱ ማደስ ነው። ሁሉንም በየቅጽበቱ ከማዶ ማምጣት ኤዲተሩን ያንፏቅቀዋል፤ ግንኙነት ሲቋረጥ ደግሞ ፋይሉ በሙሉ መልሶ ይቀላል።

ዛፑ ትክክል ሆኖ አንድ ኮፒቡክ ብቻ ከቀላ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ በዓምድ ቁጥር ላይ ነው። በቆየው የኮቦል አጻጻፍ የመጀመሪያዎቹ 6 ዓምዶች የተራ ቁጥር፣ 7ኛው የምልክት፣ ከ8 እስከ 72 ያሉት የኮዱ ናቸው፤ ከ73 እስከ 80 ያለው ለመለያ የተተወ ስለሆነ ኮምፓይለሩ አያነበውም። መስመሩን ሁለት ቦታ ወደ ቀኝ ገፍተው መዝጊያዋ ነጥብ 73ኛው ዓምድ ላይ ብታርፍ፣ በዓይንዎ ትታያለች እንጂ ለኮምፓይለሩ የለችም። በዚሁ አጋጣሚ፣ በኮዱ ውስጥ የአማርኛ ማስታወሻ አይጻፉ። ላፕቶፕዎ ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ማሽኖች ምንጭ ኮድን የሚያስቀምጡባቸው 037 እና 1047 የተባሉት የኢቢሲዲክ (የሜይንፍሬም የፊደል ኮድ) ሰንጠረዦች የግእዝ ፊደል የላቸውም፤ ፋይሉ ሲላክ ፊደላቱ ትርጉም ወደሌለው ምልክት ይለወጣሉ፤ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የላፕቶፑ የፊደል ኮድ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝም የመስመሩ ርዝመት ሊበላሽ ይችላል።

አስተያየቴን ከጠየቁኝ፣ የቡድን መሪዎን መልስ እየጠበቁ ሳለ ያለ ፈቃድ ከሚሠራው ክፍል ገና ያልነኩት ብዙ አለ ብዬ እገምታለሁ። የአንድን ዳታ ስም ትርጉም አይጥ (ማውስ) በማሳረፍ ማየት፣ የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ ማውጣት፣ ስሙን በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ መቀየር፣ የኮፒቡኩን ይዘት ፋይሉን ሳይለቁ መመልከት፣ እነዚህ ሁሉ ለኮቦል፣ ለፒኤል/አንድ፣ ለአሴምብለርና ለሬክስ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ጥገና ላይ ላለ ሰው የዕለት እንጀራው እነዚህ ናቸው። ኮፒቡኮቹ ሲስተካከሉ እነዚህም ስለሚስተካከሉ፣ ከሁለቱ ችግሮች ቀድመው ሊፈቱት የሚገባ የኮፒቡኩን ነው።

ወደ ቴሌግራሙ ልመለስና ላብቃ። በሜይንፍሬም ዓለም በእጅ የሚያዝ ቁልፍ ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም፤ ዜድ/ኦኤስን በተራ ኮምፒውተር ላይ ለልማትና ለፈተና የሚያስነሣው ምርት በዩኤስቢ የሚሰካ እውነተኛ ቁልፍ ያለው ዓይነት አለው፤ እሱም ቢሆን ለገዛው ድርጅት የሚሰጥ ነው። ከማይታወቅ ሰው የተቀበሉትን «ማንቂያ» ፕሮግራም ላፕቶፕዎ ላይ ማስኬድ ግን፣ የአሠሪዎ የሜይንፍሬም ይለፍ ቃል የተቀመጠበትን ቤት ለማያውቁት ሰው መክፈት ነው፤ ከሥራ የሚያስወጣ ጥፋት ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ «አሁን ተፈቅዷል» ሲባሉ፣ የቪኤስ ኮድን መስኮቶች በሙሉ ይዝጉ፤ ቪፒኤኑን ያገናኙ፤ አንድ መስኮት ብቻ ከፍተው በአርኤስኢ ፕሮፋይል ይግቡ፤ ከመቶ መስመር በማይበልጥ ትንሽ ፕሮግራም ላይ ይሞክሩ። ሠርቶ ቆይቶ በአንድ ሌሊት ቢጠፋብዎት የፈቃዱን ማብቂያ ቀን ያስጠይቁ፤ በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ሌሊት የሚያበቃ ፈቃድ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ፣ ማታ ሲሠሩበት ቆይተው ጠዋት አያገኙትም። አሁንም እምቢ ካለ፣ በአውትፑት ክፍሉ ውስጥ ዜድ ኦፕን ኤዲተር የሚለውን መርጠው የሚያገኙትን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይገልብጡ፤ የማሽኑን አድራሻና መለያዎን አጥፍተው በጽሑፍ እንጂ በፎቶ አይላኩልኝ።